አዋሳኝ የሌለው ማሳ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ አርፈው ይቀመጡ» ይለኝ ነበር። አርፎ መቀመጥ ለማን አምሮበት ያውቃል? ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔም በመነጽር ያያል፤ ምላሴን ደግሞ አርብ ገበያ ላይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቀድሞ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ «በላይነሽ ኮምፒውተሩ አልገባት ብሎ ሥራውን አበላሽታው ወጣች» እያሉ ያወራሉ አሉ። ያውሩ። እኔም የሠራሁትን ሠርቻለሁ፣ ያልሠራሁትን አልሠራሁም ብዬ ልጽፍ ተቀምጫለሁ።

ሥራ የጀመርኩት መካነ ኢየሱስ፣ በእስቴ ወረዳ፣ በታይፒስትነት ነው። የዛሬ ልጆች የአማርኛ ታይፕ በዓይናቸው አላዩም። ያ መኪና ፊደሉን ሙሉ አድርጎ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ገላውን ትመታለህ፣ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን ፈልገህ ትቀጥልለታለህ። የችኩል ሰው ደብዳቤ ግማሹ ፊደል አንካሳ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው አለቃዬ ግን ይህን አያይም፤ ማኅተሙ ቀጥ ብሎ መመታቱን አይቶ ይፈርማል። ደመወዙም ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ እሱን ትተን ወደ ሥራው እንሂድ።

ከእስቴ ወደ ስማዳ ተዛወርኩ፤ ወገዳ። መንገዱ እንኳን ሰውን ብረትን ያሳምማል፤ ታይፔ ስትደርስ ቁልፎቿ ሁሉ ላልተው ነበር። እዚያ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ከጋሼ ምሕረቴ ሥር ተመደብኩ። ጋሼ ምሕረቴ የመሬት ልኬት ባለሙያ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩና ከዚያ የተረፈ አመል ነበራቸው፤ አንድ ቃል ዘልሎ ማንበብ አይሆንላቸውም። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

በእኛ አገር ማሳ የሚታወቀው በአዋሳኙ ነው። «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ» ተብሎ በይዞታ ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ጋሼ ምሕረቴ አዋሳኙ በአካል ካልመጣ አይጽፉም። መጥቶ በወሰኑ በኩል ይቆማል፤ ስሙን እስከ አያቱ በራሱ አፍ ይናገራል፤ እሳቸው ይጽፋሉ፤ ከዚያ ጮክ ብለው ያነቡለታል። «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚባል ነገር በእሳቸው ዘንድ የለም። ያው አንዱ ሰውዬ ለብዙ ማሳ አዋሳኝ ቢሆን በእያንዳንዱ ላይ ስሙ ሙሉ ሆኖ ይጻፋል፤ እጄ ቢዝል ለራሴ። ልኬቱ ሳያልቅም ከማንም ቤት እህል አይቀምሱም። እኔ ርቦኝ ወደ ቀረበው ሞሰብ ካየሁ በዓይናቸው ይገርፉኛል። ባለማሳው ቅር ካለው ደግሞ «ወንድሜ፣ ድንበርህን በሆዴ ልለካልህ ነው ወይ?» ይሉታል።

ቢሮ ስንመለስም እረፍት የለም። እሳቸው የሜዳውን ጽሑፍ እያነበቡ እኔ የመታሁትን በጣቴ እከተላለሁ። ስሕተት ስናገኝ አይቆጡም፤ ገጹን እንዳለ እንደገና እንድጽፈው ያደርጋሉ። መደለዝ አይወዱም። እኔ በልቤ እየተራገምኩ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የልቤን ያውቁና ፈገግ ይላሉ። እንዲህ እያሉ ነው ያሠለጠኑኝ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ብዙ ታይፒስት ፈርቶ ሸሸ፤ እኔ ተሽቀዳድሜ ገባሁበት። የመጀመሪያው ዘመን ግን ጉድ ነበር። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የዚያን ጊዜው የአማርኛ አጻጻፍ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቁጥር ወስዶ የግዕዝ ልብስ ያለብሰዋል። ልብሱ ፎንት ይባላል። ፎንቱ ማሽኑ ላይ እስካለ ድረስ «ወገዳ» ወገዳ ነው፤ ፋይሉን ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍተው ግን ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይወጣል። ኋላ ዩኒኮድ የሚባለው መጥቶ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሲሰጠው፣ እሰይ አልኩ።

አሮጌውን ፋይል ወደ ዩኒኮድ ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። በአሮጌው ፎንት አንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱን ቁራጭ ለየብቻ ያዛወረ ሰው ስሙን ሁሉ ያበላሻል። እኔ በየፋይሉ ራስ ላይ ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ፣ ከነቋው ከነጓው እጽፍበታለሁ፤ አዛውሬ ስከፍተው መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አንድ ፊደል ካጎደለ ያንን ፋይል አላምነውም። ፋይሉም በመጀመሪያ መስመሩ በምን ዓይነት የፊደል ቁጥር እንደተጻፈ መናገር አለበት። የተናገረውና ውስጡ ካልተስማማ ጆንያው ላይ ስንዴ ብሎ ጽፎ ገብስ እንደ መሙላት ነው፤ የሚያነበው ማሽን ወይ ይዘባርቃል ወይ አልቀበልም ይላል። የእኔ ፋይል እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ ተዛወርኩ። ጋሼ ምሕረቴ ያኔ ጡረታ ወጥተው ወገዳ ተቀምጠዋል። የይዞታ መረጃው ሁሉ ኤክስኤምኤል በሚባለው አጻጻፍ እንዲደራጅ ታዘዘ። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር ስሙ በተጻፈበት አጥር ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለይዞታው በባለይዞታ አጥር፣ አዋሳኙ በአዋሳኝ አጥር። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሥራውንም ያውቃል። አንድ ዘዴ አሳየን። የየጎጡን ሰው ስም፣ መንገዱንና ወንዙንም ጨምሮ፣ በአንድ የውጭ ፋይል ታስቀምጣለህ። በማሳው ፋይል ራስ ላይ «ስሞቹ እዚያ አሉ» ብለህ ትጠቁማለህ። ከዚያ በአዋሳኙ ቦታ ሙሉ ስም አትጽፍም፤ አጭር መጥሪያ ብቻ ታኖርበታለህ። ማሽኑ መጥሪያውን ሲያይ የውጭውን ፋይል ይከፍታል፣ ስሙን ያመጣል፣ ቦታው ላይ ያስገባል። ሰው ሞቶ መሬቱ ለወራሹ ሲተላለፍ አንድ ቦታ ታስተካክላለህ፤ በየማሳው ዳር ያለው ሁሉ አብሮ ይስተካከላል። ዘዴው አሪፍ ነበር። ዛሬም ቢሆን አሪፍ ነው እላለሁ።

ለጥየቃ ወገዳ በሄድኩ ጊዜ ይህንኑ ለጋሼ ምሕረቴ በጉራ አወራሁላቸው። እሳቸው ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ሰውዬ ሲጠሩት ባይመጣስ?»

ማሽን እንደ ሰው አያኮርፍም፣ ሁልጊዜ ይመጣል ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። በዓመቱ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

በጡረታዬ ዋዜማ የበላይ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲስተም አመጣና የሁሉም ወረዳ ፋይል ወደ እሱ ተላለፈ። አዲሱ ሲስተም የውጭ ፋይል አይከፍትም። ሕጉ ለደኅንነት የወጣ ነው፤ ትክክልም ነው። ምክንያቱም ክፉ ሰው በጥቆማው ቦታ፣ በስሞቹ ፋይል ፋንታ፣ የሚያነበውን ማሽን የተቆለፈ ፋይል ስም ቢጽፍበት፣ ማሽኑ የራሱን ምሥጢር በራሱ እጅ አውጥቶ ያስረክባል። በር መዝጋቱን አልቃወምም። የምቃወመው በሩ መዘጋቱን ማንም አለመናገሩን ነው። ሲስተሙ መጥሪያውን አየ፣ አልከፍትም አለ፣ ቦታውን ባዶ ትቶ አለፈ። አልጮኸም፣ ስሕተት አለ አላለም። የእኛ ኃላፊ ደግሞ መረጃው ተሟልቶ ገብቷል ብሎ ፈረመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በእመት ዘነቡ ነው። እመት ዘነቡ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ሩቅ የሄዱባቸው አሮጊት ናቸው። ያላቸው አንድ ማሳ ነው፤ የሚበሉትም ከእሱ ነው። አንድ ዓርብ ገበያውን ትተው ቢሮ መጡና ከፊቴ ቆሙ። የቀበሌው ሰዎች ማሳቸው አዋሳኝ የሌለው ክፍት መሬት ሆኖ ስለተገኘ፣ ከብት ለሚያደልቡ የተደራጁ ወጣቶች እንደተሰጠ ነግረዋቸዋል።

«ጎረቤት የሌለው ሰው አለ ወይ?» አሉኝ። «እኔን ከየት አምጥተው ነው ሜዳ ላይ የጣሉኝ?»

ፋይላቸውን ከፈትኩ። በምሥራቅ ባዶ፣ በምዕራብ ባዶ፣ በሰሜን ባዶ፣ በደቡብ ባዶ። የሌላ ሰው ከፈትኩ፤ እሱም ባዶ። ሌላም ከፈትኩ። ያው ነው። የእመት ዘነቡ ማሳ በምዕራብ ከወል ግጦሽ ጋር ስለሚዋሰን ቀድሞ የታየው የእሳቸው ሆነ እንጂ፣ በጎጡ አዋሳኝ ያለው ሰው አልነበረም።

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ክፉ ሰውም አይደለም፤ ግን የፈረመውን ፊርማ ከሰው በላይ ይፈራል። ሲስተሙ የሚያሳየው ይህንኑ ነው አለኝ። ሲስተሙ ያልተነገረውን ከየት ያመጣል አልኩት። የስሞቹ ፋይል እኔ ጋ እንዳለ፣ በየመጥሪያው ፋንታ ሙሉውን ስም እያስገባሁ ልልክ እንደምችል ነገርኩት። እሱም የተላከው ተልኳል፣ እንደገና እንላክ ማለት የመጀመሪያው ጎደሎ ነበር ማለት ነው አለ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። በመጨረሻ ለእመት ዘነቡ ብቻ አንድ መንገድ ፈቀደ፤ የመሬት ኮሚቴው ማሳው ድረስ ይሂድ፣ አዋሳኞች በአካል ይቅረቡ፣ ይመስክሩ።

ደስ አለኝ። የጋሼ ምሕረቴ አሠራር አይደል? መንገዱም ወንዙም ግጦሹም እዚያው ነው፤ የሚቀርበው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የምሥራቁ አዋሳኝ አቶ ደሴ። ደሴና የእመት ዘነቡ ባል በሬ እያቀናጁ ያረሱ ሰዎች ናቸው።

ደሴ አልመጣም። ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ለቅሶው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልተገኘም፤ ሁላችንም የምናውቀው የደሴ ልጅ ከተደራጁት አንዱ መሆኑን ነው። ኮሚቴው እስከ ቀትር ጠበቀና «አዋሳኝ አልቀረበም» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ የበቀለው ገብስ ላይ ከብት ተሰማራበት። እመት ዘነቡ ከማሳቸው ዳር ቁጭ ብለው ከብቱ ሲግጠው ያያሉ። እኔ አለቀስኩ። በኀዘንም አይደለም፣ በንዴት ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ፣ አንዲት ሴት ከዓይኔ ሥር ከወረቀት ላይ ተፍቃ ከመሬቷ ስትነቀል ማስቆም አቃተኝ። በሥራ ዘመኔ የደረሰብኝ ሽንፈት ይኸ ነው፤ አለዝቤ አላወራውም።

ነሐሴ ላይ ጡረታዬ ደረሰ። ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ኃላፊው ለብቻ ጠራኝና መረጃውን ሁሉ ተሟልቶ አስረክቤያለሁ የሚል ወረቀት አቀረበልኝ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ለማሟያ ያህል ነው፤ ይፈርሙና በሰላም ይረፉ» አለኝ።

«አልፈርምም» አልኩት። «ተሟልቷል ብዬ ከፈረምኩ እመት ዘነቡን ሁለተኛ መንቀል ነው።»

ክሊራንስ እንደማይሰጠኝ፣ የጡረታ አበሌም እንደሚጓተት አስረዳኝ። ዝም አይነቅዝምም አለኝ፣ በምክር መልክ። ይጓተት አልኩት። ዝም አይነቅዝም ይሆናል፤ የእኔ ሆድ ግን እየነቀዘ ነው ብዬ ጋቢዬን አጣፍቼ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከበሩ እንዳለፍኩ ፈርቼ ነበር። ቤት ደርሼ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሠራተኛ ሳለሁ ከመሥሪያ ቤቴ ጋር መከራከር አልችልም ነበር፤ አሁን ማን ይከለክለኛል? በሳምንቱ እመት ዘነቡ ውክልና ሰጡኝና ትናንት ከኋላው ተቀምጬበት ወደነበረው መስኮት በፊት ለፊት መጣሁ። አዲሷ ሠራተኛ ምን ልታዘዝ አለችኝ። የእመት ዘነቡ ወኪል ነኝ፣ አቤቱታ አለኝ አልኳት። ኃላፊው ድምፄን ሰምቶ ከክፍሉ ብቅ አለና አይቶኝ ተመልሶ ገባ።

ኮሚቴው እንደገና እንዲሄድ አስወሰንኩ። ግን ደሴ ካልቆመ ያው ነው። ስለዚህ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ሲቆፍር አገኘሁት፤ ሲያየኝ የሚገባበት ጠፋው። ልትመክሪኝ ከሆነ ተመለሽ አለኝ። ምክር አላመጣሁም አልኩት፤ የመጣሁት የራሱን ማሳ ላወራው ነው።

«አንተ ደሴ፣ እሳቸው በምሥራቅ የሚዋሰናቸው ከሌለ፣ አንተን በምዕራብ ማን ያዋስንሃል?»

አልገባውም። ደብተርህ ላይ ስማቸው አለ፣ ሲስተሙ ላይ ግን የአንተም አዋሳኝ ባዶ ነው አልኩት። እሳቸው አዋሳኝ የሌላቸው ክፍት መሬት ከተባሉ፣ ክፍቱ ወደ አንተ ይቀጥላል፤ ዛሬ ልጅህ በተቀበለበት ሕግ ነገ የሌላ ሰው ልጅ የአንተን ይቀበላል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች። ደሴ ዶማውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀኑ መቼ ነው አለኝ፤ ነገርኩት።

መጣ። ማንንም አላየም፣ ለእመት ዘነቡም ሰላምታ አልሰጠም፤ በወሰኑ በኩል ሄዶ ቆመና ስሙን እስከ አያቱ ተናገረ። ኮሚቴው ጻፈ። ማሳው ለእመት ዘነቡ ተመለሰ። እኔ በደስታ እልል ልል አፌን ስከፍት እመት ዘነቡ ወደ ተጋጠው መሬት እያዩ «ዘንድሮስ ምን እበላለሁ?» አሉ። እልልታዬን ዋጥኩት። መስከረም ስለነበርና መሬቱም ጥቁር ስለሆነ፣ የጎጡ ሰው በደቦ አርሶ ሽምብራ ዘራላቸው። ገብሱን ግን የመለሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ኃላፊው ሰው ላከብኝ። የቀረውን በኮንትራት ገብቼ እንዳስተካክል፣ ግን ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ነገሩ በዝምታ እንዲያልቅ። አስተካክላለሁ አልኩ፤ ዝምታውን ግን አልሸጥም። ደሴ የመጣው ስላወቀ ነው፤ ሌላውስ ሳያውቅ ለምን ይደር? ዓርብ ዕለት እህል ተራ ገብቼ ከሻጩም ከገዥውም ጋር ቆምኩ። ሰኞ የይዞታ ደብተራችሁን ይዛችሁ ቢሮ ሂዱ፣ አዋሳኛችሁ ሲስተሙ ላይ መኖሩን እዩ አልኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዷ ሽያጩን ትታ ጠየቀችኝ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ከእኔ ቀድሞ የፍየል ተራ ደርሶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገዱን ይዟል። ኃላፊው በረንዳው ላይ ቆሞ ምን አደረጉን እትዬ አለኝ። ገና ምኑ ታይቶ አልኩት። ልገባ ስል ግን እመት ዘነቡን ሰልፉ መሐል አየኋቸው፤ ነጠላቸውን ለፀሐዩ ተከናንበው ቆመዋል።

የእርስዎ አልቆ የለም ወይ፣ ምን ያቆምዎታል አልኳቸው።

«የእኔስ አልቋል» አሉ። «የደሴ ነው ያላለቀው። በምዕራብ ከእኔ በቀር ማን ይቆምለታል?»

ገብስዎን ያስበላ ሰው አይደለም ወይ አልኩ፤ ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ሰው ሁሉ ዞረ። እሳቸው ክንዴን ይዘው ወደ መንገዱ ማዶ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ደሴ ከአጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ገበያው አዙሮ ቆሟል።

«አፍሮ ነው፣ አትቆጭው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ተራው ሲደርስ እኔ ጠርቸ አስገባዋለሁ።»